ሦስት ወር መርጠን በግማሽ ቀን የገጠምነው መስኮት

ሰኔ 2017 ዓ.ም. ሁለተኛው ሳምንት ላይ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ባለቤቴ ቀሰቀሰኝ። «ዝናቡ እዚህ ውስጥ ነው» አለኝ። መብራት አብርተን ስናይ አዲሱ የመኝታ ቤት መስኮት ግጥም ብሎ ተዘግቷል፤ መስታወቱ በውስጥ በኩል አንድ ጠብታ የለበትም። ውኃው የሚወርደው ከብረቱ ጎን፣ መቃኑና ግድግዳው ከሚገናኙበት መስመር ነበር። በጣቴ ስነካው ልስኑ እንደ ራሰ ዳቦ እየተገመሰ ወረደ። ፎጣ ደርድረን እስኪነጋ ቁጭ አልን። ያንን መስኮት ለመምረጥ ሦስት ወር ፈጅቶብናል፤ የተገጠመው ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ቤቱ ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው አቅጣጫ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ይገኛል። ዘጠኝ ዓመት ተከራይተን ከኖርን በኋላ በቁጠባና በዘመድ ብድር የገዛነው የመጀመሪያ ቤታችን ነው። ሳሎኑና ሁለቱ መኝታ ቤቶች በድንጋይ መሠረት ላይ የቆሙ የእንጨትና የጭቃ ሥራ ናቸው። ከኋላ ያሉት ማዕድ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ በኋላ ዘመን በብሎኬት የተቀጠሉ ናቸው። ይህን ስንገዛ አውቀነዋል፤ ለመስኮት ምርጫ ትርጉም ይኖረዋል ብለን ግን አላሰብንም። ስድስት መስኮትና አምስት በር ለመቀየር ተነሣን። የቀየርነው አምስት መስኮትና አራት በር ነው፤ የቀሩት ሁለቱ የየራሳቸው ምክንያት አላቸው።

ስለ መስኮት ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ አልሙኒየም ይሻላል ወይስ ብረት? እኛም መርካቶንና በየሰፈሩ ያሉ የብየዳ ቤቶችን ይህንኑ ይዘን ዞርን። ሁሉም ዋጋ የሚናገሩት በካሬ ሜትር ነው፤ ሆኖም የአንዱ ካሬ ከሌላው ካሬ ጋር አይገጥምም። አንዱ መስታወቱን ጨምሮ ይናገራል፤ ሌላው ቁልፍና ማጠፊያውን ለብቻ ያስከፍላል፤ ሦስተኛው ስለ ማጓጓዣና መግጠሚያ ሲጠየቅ «እሱ አያጣላንም» ይላል። በኋላ እንደሚያጣላ አይተናል። መጨረሻ ላይ አንድ ወረቀት አዘጋጅተን የብረቱ ወይም የአልሙኒየሙ ውፍረት፣ የመስታወቱ ሚሊ ሜትር፣ ቁልፉ፣ ማጠፊያው፣ ሲሊኮኑ፣ ማጓጓዣውና መግጠሙ ከዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖሩን እያስሞላን ዞርን። ያን ጊዜ በጣም ርካሽ ያልነው ሦስተኛ ሆኖ ተገኘ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ ዋጋ ሰጪው ሁሉ ጠንቃቃ ሆኗል፤ የተሰጠን አንድ ዋጋ «ለአምስት ቀን ብቻ የጸና» ይላል። ስለ ብረት ውፍረት የምጠይቀው እኔ ነበርሁ፤ መልሱ ግን ሁልጊዜ ወደ ባለቤቴ ይዞር ነበር። እርሱ ስለ መስኮት የሚያውቀው መክፈትና መዝጋት ነው።

እውነቱን ለመናገር ልቤ እንጨት ላይ ነበር። አሮጌዎቹ መስኮቶች ባለ ሁለት ተከፋች የእንጨት መዝጊያ ነበራቸው፤ ሲከፈቱ የሚያሰሙትን ድምፅ ወድጄው ነበር። ሆኖም ዋንዛ የሚያቀርብ ሰው ስናገኝ ዋጋው አስደነገጠን። ዋንዛና ዝግባ፣ ጽድና ኮሶ ከደን እንዳይቆረጡ ሕግ ሲከላከልላቸው የኖሩ ዛፎች ስለሆኑ እንጨቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅም ያስፈልጋል፤ መልስ የሰጠን የለም። ርካሹ እንጨት ደግሞ በደንብ ያልደረቀ ነው። እንዲህ ያለው መስኮት በበጋ ይሟሽሽና ነፋስ ያስገባል፤ በክረምት ያብጥና አልከፈት ይላል። ስለዚህ ለጭቃው ክፍል ኤል ቲ ዜድ የሚባለውን የመስኮት ብረት፣ ለብሎኬቱ ክፍል አልሙኒየም ወሰንን። ብረቱን የመረጥንበት ምክንያት ቀላል ነው፤ ማጠፊያው ቢበላሽ ወይም መስታወቱ ቢሰበር የሰፈራችን ብየዳ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይጠግነዋል። በዚህ ምርጫ ዛሬም አልጸጸትም።

የተሳሳትነው ሌላ ቦታ ነው። የብረት መስኮት ጎኑ ላይ አጫጭር የብረት ጥፍሮች ተበይደውበት ይመጣል። ግድግዳው ይፈለፈላል፣ ጥፍሮቹ ይገባሉ፣ ቀዳዳው በሲሚንቶ ይሞላል። ግድግዳው ድንጋይ ወይም ብሎኬት ሲሆን ይህ ጥሩ ሥራ ነው። የእኛ ሠራተኞች ጭቃው ላይም ያንኑ አደረጉ። ሲሚንቶ ጭቃን አይይዝም። ጭቃ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ሲሚንቶው ግን እንደ ድንጋይ ይቆማል። በግንቦት የተገጠመው መስኮት በሰኔ ዙሪያውን የፀጉር ያህል ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁን እኛ አላየነውም፤ ዝናቡ ግን አላጣውም።

በማግስቱ ጎረቤታችን አንድ አዛውንት አናጺ አመጡልን። ሰውየው መስኮቱን ዞር ብለው አላዩትም። ከኪሳቸው ረዥም ሚስማር አወጡና ከመቃኑ ጎን ግድግዳው ላይ በአውራ ጣታቸው ገፉት፤ ያለ መዶሻ እስከ ራሱ ገባ።

«ጋሼ፣ መስኮቱን እንቀይረው?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ መስኮትሽ ምን አደረገ? የተሰቀለው አየር ላይ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያስተማሩኝን እንደገባኝ ልጻፈው። በጭቃ ቤት መስኮት የሚሸከመው ጭቃው ሳይሆን ውስጡ ያለው ቋሚ እንጨት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ልስኑን ፈቅፍቆ ቋሚዎቹን መፈለግ፣ ምስጥ የበላውን መቀየር፣ በቋሚዎቹ መካከል ከላይ ጉበን ከታች ማገር አስሮ ጠንካራ የእንጨት አራት ማዕዘን መሥራት ያስፈልጋል። ብረቱ በጥፍር ሳይሆን በብሎን ከዚያ እንጨት ጋር ይታሰራል። በእንጨቱና በግድግዳው መካከል የሚቀረው ክፍተት ጭድ ገብቶበት ቀናት በቆየ ጭቃ ይሞላል፤ የግድግዳው የራሱ ሥጋ ስለሆነ አብሮት ያብጣል፣ አብሮት ይሰበሰባል። ጭቃው ከደረቀ በኋላ መጋጠሚያው ላይ ወደ ሁለቱም ወገን አንድ ስንዝር ያህል የሚያልፍ የሽቦ ወንፊት ተመትቶ በላዩ ይለሰናል። ሽቦው ልስኑ ሲንቀሳቀስ በአንድ መስመር እንዳይሰነጠቅ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ጥፋታችን የመስኮቱ ደፍ ነበር። የኛ ደፍ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ነው፤ ያማረ መስሎን ነበር። ውኃ ግን የተስተካከለ ቦታ ላይ ሲያርፍ ወደ ፈለገው ይሄዳል። ደፉ ወደ ውጭ ማዘንበል አለበት፤ ከግድግዳው ቢያንስ አራት ወይም አምስት ሴንቲ ሜትር ወጣ ማለት አለበት፤ ከሥሩ ደግሞ ከጫፉ ገባ ብሎ የጣት ያህል ቦይ ሊኖረው ይገባል። ቦዩ ከሌለ ውኃው የደፉን ሆድ ተከትሎ ተመልሶ ግድግዳው ላይ ይወርዳል። ቦይ ካለ እዚያ ደርሶ ይንጠባጠባል። በአዲስ አበባ ክረምት ነፋስ ዝናቡን በጎን ሲያመጣው የዚህችን ቦይ ዋጋ ያየ ሰው ያውቃል።

ልኬት ላይም ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘብ ከፍለን የተማርነው ነው። የመጀመሪያው ሠራተኛ እያንዳንዱን ቀዳዳ አንዴ ወርድ አንዴ ቁመት ለክቶ ሄደ። አሮጌ ቤት ግን አንድ ወርድ የለውም። የሳሎኑ አንዱ ቀዳዳ ከላይና ከታች በሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይለያይ ነበር። የመጣው መስኮት ከታች አልገባ ሲል ግድግዳውን በመጥረቢያ አሰፉት፤ ያ ድብደባም ለስንጥቁ የራሱን አስተዋጽኦ አድርጓል። ወርዱን ከላይ፣ ከመካከልና ከታች፣ ቁመቱንም እንዲሁ ሦስት ቦታ ለኩ። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለቱንም አቅጣጫ ለኩ፤ ሁለቱ እኩል ካልሆኑ ቀዳዳው ጠማማ ነው። ትንሹን ቁጥር ያዙና ለመግጠሚያ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቀንሱ። የሚለካውም የሚሠራው ሰው ራሱ ቢሆን ይመረጣል፤ በኋላ «የሰጣችሁኝ ልክ ነው» የሚል መልስ አይኖረውም።

ብረት ከልስን በፊት ይገጠማል፤ አልሙኒየም ከልስን በኋላ። ይህን ቅደም ተከተል ማንም አልነገረንም። እርጥብ ሲሚንቶ አልሙኒየምን ይበላዋል፤ የማይለቅ ነጭ እድፍ ይተውበታል። የማዕድ ቤታችን መስኮት የታችኛው ጠርዝ ዛሬም ያንን ምልክት ይዞ አለ። አልሙኒየሙ ላይ የተለጠፈው መከላከያ ላስቲክ እስከ መጨረሻው ልስን እንዲቆይ ማድረግ፣ ካለቀ በኋላ ግን ቶሎ መላጥ ጥሩ ነው፤ በፀሐይ ከበሰለ ሙጫው አይለቅም። የአልሙኒየሙ ሌላ ትምህርት ተንሸራታቹ መስኮት ነው። በታችኛው ሐዲዱ ላይ የገባው ውኃ ወደ ውጭ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የእኛ ገጣሚ ሥራውን ለማሳመር ብሎ በሲሊኮን ደፍኗቸው ነበር! ሐዲዱ እንደ ገንዳ ሞልቶ ወደ ውስጥ ሲፈስ ነው የደረስንበት። በቢላ ጫፍ ከፈትናቸው፤ ችግሩም ያን ዕለት አበቃ። ደግሞም አስታውሱ፤ ተንሸራታች መስኮት ሁሌም ግማሹ ብቻ ነው የሚከፈተው። ወጥ የሚወጠወጥበት ክፍል ውስጥ ግማሽ መስኮት ያናድዳል። እንደገና ብመርጥ ለማዕድ ቤት ተከፋች አደርግ ነበር። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ብሎን አይይዝም፤ የቀዳዳው ዙሪያ በኮንክሪት መሞላቱን ሳታዩ አታስገጥሙ።

ስለ ብረቱ ቀለም አንድ ነገር ብቻ ልበል። ጸረ ዝገቱ ከመገጠሙ በፊት በሁሉም ጎን ይቀባ፤ በተለይ ግድግዳው ውስጥ በሚገባው በኩል። ከተገጠመ በኋላ እዚያ ብሩሽ አይደርስም።

ፀሐይን ያሰብነው ዘግይተን ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9ኛው ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በሰኔ ቀትር ላይ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ከመስከረም ጀምሮ በጋውን በሙሉ በደቡብ በኩል ትሄዳለች። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ምን ያህል እንደሚበርድ ለናንተ አልነግርም። ቤታችን ማሞቂያ የለውም፤ ማሞቂያችን መስኮቱ ነው። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚያዩት መስኮቶች ጠዋት ቤቱን ያነቁታል። ወደ ሰሜን የሚያየው የትንሿ መኝታ ቤት መስኮት በበጋው ፀሐይ አያገኝም፤ ግድግዳውም እንዲሁ። ቀዳዳ ማስፋት ብንችል ደቡቡን እናሰፋ ነበር፤ ነገር ግን ግድግዳ ማፍረስ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ስለሆነ ባለው ልክ ኖርን። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ፤ ስለ ጋራ ሕንፃ ቤት በወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 አሠራር የሕንፃው የውጭ ገጽታ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ልደታ የምትኖር ጓደኛዬ የውጭ መስኮቷን ከመቀየሯ በፊት ማኅበሩን መጠየቅ ነበረባት።

አሁን ወደ ያስፈራኝ ነገር ልምጣ። አናጺው ጥገናው በዝናብ እንደማይሠራ፣ ግድግዳው እስኪደርቅ መጠበቅ እንዳለብን ነገሩን። እስከዚያው የሳሎኑን መስኮቶች ዙሪያ በፕላስቲክና በሲሊኮን ደፈንን፤ መዝጊያዎቹም ላይ ጎማ ለጠፍን። ውኃው ቆመ፤ ኮራን። ነሐሴ ላይ እናቴ መጣች። ዝናብ ስለነበር በርና መስኮት ዘግተን ሳሎን ውስጥ ከሰል አቀጣጥለን ቡና አፈላን። ሁለተኛው ሳይደርስ እናቴ ራሷን ያዘች፤ እኔም አቅለሸለሸኝ። «ከሰሉ በደንብ አልነደደም» አለች፤ ሁላችንም ከልጅነታችን የምንለው ነው። ነገሩ ግን ከዚያ የከፋ ነው። የሚነድ ከሰል፣ በደንብ ቀልቶ ጢሱ ቢጠፋም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ጋዙ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ሰው ይገድላል። አሮጌዎቹ መስኮቶች በየስንጥቃቸው ነፋስ ያስገቡ ስለነበር ሳናውቀው ሲጠብቁን ኖረዋል። እኛ ብርድ ያስገባል ብለን የተማረርንበት ስንጥቅ የቤቱ መተንፈሻ ነበር። በር ከፍተን እናቴን በረንዳ ላይ አስቀመጥናት፤ ቀስ በቀስ ተሻላት። ከዚያ ወዲህ ከሰል የሚቀጣጠለው ውጭ ነው፤ ምድጃው ቤት ከገባም ሁለት መስኮት ይከፈታል፤ ተኝተን ከሰል ቤት ውስጥ አናሳድርም። ጥገናው ሲሠራም የሳሎኑ መስኮት ከላይ በኩል ለብቻው የሚከፈት ትንሽ መዝጊያ እንዲኖረው አደረግን። አየር የማያስገባ መስኮት ስታዝዙ ምድጃችሁ ምን እንደሆነ አስቡ።

ፍርግርግም አለ። ሌባ ይከለክላል ብለን ሁሉንም መስኮት ልናስበይድ ነበር። ባለቤቴ «እሳት ቢነሣ በየት እንወጣለን?» ሲል ነው የነቃነው፤ ስለ መስኮት የተናገረው ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። በየመኝታ ቤቱ አንዱ ፍርግርግ ከውስጥ በመወርወሪያ የሚከፈት ሆነ። ቁልፍ አላደረግንበትም፤ ቁልፍ በጭንቅ ጊዜ አይገኝም።

በሮቹ ብዙ አላስቸገሩንም። ለመኝታ ቤቶቹ ተራ የእንጨት በር፣ ለመታጠቢያ ቤቱ የአልሙኒየም በር አስገጠምን፤ እንጨት እንፋሎት ሲያገኝ ያብጣል። የመታጠቢያ ቤቱ በር ወደ ውጭ እንዲከፈት አድርጉ። ውስጥ ሰው ቢወድቅ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በወደቀው ሰው በራሱ ይዘጋል። ስለ መግቢያው በር ወርድ ስንከራከር «ሰማንያ ሴንቲ ሜትር ይበቃል፣ ሶፋው በጎኑ ይገባል» ብንል አክስቴ ሰምታ «ከቤት የሚወጣው ሶፋ ብቻ መሰላችሁ?» አለች። ዘጠና አደረግነው ልል ነበር፤ ግን አላደረግነውም፤ አሮጌውን በር ስንለካው ዘጠና አምስት ሆኖ ተገኘ። ከጽድ የተሠራ ነው። ምስጥ አልነካውም፤ ዝናብ የሚረጨው የታችኛው ክፍል ብቻ በስብሶ ነበር። አናጺው የበሰበሰውን ቆርጠው ሌላ ጽድ ቀጠሉበት፣ አዲስ ቁልፍና ሦስት ጠንካራ ማጠፊያ ገጠሙለት። ከአዲስ በር በጣም ባነሰ ዋጋ ተሠራ። አሮጌ በር ከመጣላችሁ በፊት አንድ ሰው ቀለሙን ፍቆ ከሥሩ ምን እንዳለ ይይላችሁ።

ገንዘብ ላይ፦ እኛ 70 በመቶ ቅድሚያ ከፍለን «ሁለት ሳምንት» የተባለው ሥራ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ሁለተኛው ጊዜ በሦስት ከፍለን፣ የመጨረሻውን 10 በመቶ እስከ ውኃ ፈተናው ያዝን። ፈተናው ቀላል ነው፤ በበጋም ቢሆን የአትክልት ማጠጫ ጎማ ይዞ መስኮቱን ከውጭ፣ በተለይ መጋጠሚያዎቹን፣ ለአሥር ደቂቃ መርጨት፤ ሌላ ሰው ከውስጥ በደረቅ ወረቀት ዙሪያውን ይዳስሳል። ሠራተኞቹ ቆመው ሲያዩን ሳቁ። አንዱ መስኮት ላይ ወረቀቱ ሲርስ መሳቁን ተዉ፤ በዚያው ቀንም አስተካከሉት።

ሦስቱ የጭቃው ክፍል መስኮቶች በጥቅምት ወር ተነቅለው በአናጺው መንገድ እንደገና ተገጠሙ። መስኮቶቹ ያው ናቸው፤ አንድ ብረት አልቀየርንም። ስድስተኛው፣ የትንሿ መኝታ ቤት፣ እስካሁን አሮጌው እንጨት ነው። በዚያ ማዕዘን አሸንዳው ቀዳዳ ስለነበረው ግድግዳው ዓመታት ውኃ ሲጠጣ ኖሯል፤ አሸንዳውን ጠግነናል፤ ግን ፀሐይ የማያገኘው ሰሜኑ ነው። አዲሱ መስኮት ተሠርቶ፣ ጸረ ዝገት ተቀብቶ፣ በረንዳ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት አናጺው ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። ሚስማራቸውን አወጡ፣ ከመቃኑ ጎን ገፉት፣ ግማሹ ገብቶ ቆመ። አውጥተው ጫፉን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ገና ነው» አሉና ሚስማሩን ጠርገው ኪሳቸው ከተቱት።